የመርሳው ማንጎና የፖሙ ታፔላ

ለጥለት የሚሆን ክር ልገዛ ከመርሳ ወደ ወልድያ ስሄድ ነው ያገኘሁት። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰውዬ የተጠቀለለ ሸራ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ በጉልበቱ የሰዉን መተላለፊያ ዘግቶ ተቀምጧል። ቀና ሲል ኡበይደላ ሆኖ አረፈው። እኩያዬ ነው። ከመርሳ መግቢያ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አባቱ ከተከሏቸው የማንጎ ዛፎች ሥር ተቀምጦ ፍሬ ይሸጣል። አላህ ቀልድና ግትርነት እኩል የሰፈረለት ሰው ነው።

«ምን ተሸክመህ ነው ኡበይደላ? የሬሳ ከፈን አስመሰልከው እኮ!» አልኩት።

«የእኔን ከፈን ነዋ ሙሉወርቅ» አለ ሳይስቅ። «አሮጌው ታፔላዬ ነው። ፀሐይ በላው። ከዚህ የሚበልጥ ላሠራ ነው። ይኼም ካልሆነልኝ ዛፎቹን ነቅዬ በቦታቸው ጫት እተክላለሁ። አውቶቡሱ ሁሉ ዝም ብሎኝ ያልፋል። ማንጎው የፍየል ሲሳይ ሆኖ ቀረ።»

ደነገጥኩ። በእነዚያ ዛፎች ጥላ ያልተቀመጠ የመርሳ ሰው የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት የመንደራችን እድር፣ ቅሬ የምንለው፣ ለቀብርም ለእርቅም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ወልድያ ስንወርድ የክሬን ነገር ረስቼ ተከተልኩት።

ማተሚያ ቤቱ ከመናኸሪያው አጠገብ ነው። ባለቤቱ ደጀን በስልክ ያወራል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሻርፕ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች። ስሟ ከድጃ ነው። ኡበይደላ ሸራውን ወለሉ ላይ ዘረጋው። መሃሉ ላይ ቀይ ፖም ተከምሯል። ከፖሙ ጎን አንዲት ፈረንጅ ወይን ይዛ ትስቃለች። በግራ ፏፏቴ፣ በቀኝ ራሱ ኡበይደላ በኮት፣ ከላይ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ከታች የልጆቹ ስምና የዘመድ አዝማዱ ስልክ ሁሉ።

«ይኼን አሳድጊልኝ ልጄ» አላት። «ባዶ ቦታ እንዳይቀር። እዚህ ጋ የሐጂ አጎቴን ፎቶ አድርጊ። እዚህ ደግሞ ባቡር ጨምሪበት፤ ሐራ ድረስ ባቡር ይመጣል ሲባል አልሰማሽም?»

ልጅቱ ሸራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ አልሠራውም።»

ደጀን ስልኩን ዘጋ። «ከድጃ! ደንበኛ ያዘዘውን ሥሪ። ካልሆነ ወንበሩን የሚፈልገው ብዙ ነው።»

«ወንበሩ ይኸው ጋሼ። እኝህን አባት የሚጎዳ ሥራ ግን በእጄ አላትምም።»

እውነቱን ልናገርና፣ በእኛ ጊዜ ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ቢናገር ጭኑ ይመለመል ነበር። እጄም ለቁንጥጫ በልቶኝ ነበር። ነገር ግን ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት እጇን አጣምራ ነው የቆመችው። አክብሮትና እንቢታ ባንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያን ቀን አየሁ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለ ኡበይደላ።

«የግራናው የሚስባህ።»

«ሱብሓነላህ! ሚስባህ እኮ አፉን የማይከፍት ጨዋ ነው። ይኼን ምላስ ከየት አመጣሽው?»

«እናቴ ናት የምትከፍተው አባባ።»

ደጀን ሳይቀር ሳቀ። ኡበይደላ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እሺ፣ ተናገሪ። የማትሠሪው ለምንድን ነው?»

«ፖም ይሸጣሉ?»

«ፖም? ሐብሩ ወረዳ ላይ ፖም ማን አብቅሎ! ማንጎ ነው የምሸጥ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱማ ለጌጥ ነው። ማንጎማ ማንም ያውቀዋል። የፈረንጅ ነገር ሲሆን ሰው ዓይኑን ይጥላል።»

«ፖም ፈልጎ የወረደ ሰው የለም?»

ኡበይደላ ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። እኔ ግን አላስቻለኝም። «አለ እንጂ! እኔው ባለሁበት! አውቶቡሱ ቆሞ አንዲት ሴትዮ ወርዳ ‹ፖም ይመዝኑልኝ› አለች። የለም ቢላት ‹ሸብተው ይዋሻሉ?› ብላ ተመልሳ ወጣች። ሾፌሩም ያለሥራ አቆማችሁኝ ብሎ ተሳድቦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መቼ ቆመ?»

«አንቺ ሴት፣ የማን ወገን ነሽ?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ።

«የዛፎቹ!»

ከድጃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ታፔላዎ ስለዋሸ ነው ሾፌሩ የሚያልፍዎ።»

«እኔ በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም!» ብሎ ብድግ አለ።

«ወላሂ እርስዎ አልዋሹም። የዋሸንብዎ እኛ አታሚዎቹ ነን። ከኢንተርኔት ያገኘነውን እየቀዳን አገሩን ፖም በፖም አደረግነው። የሠርግ ጥሪው ላይ የፈረንጅ ሙሽራ፤ የሕፃናቱ መዋያ ግድግዳ ላይ ፀጉሩ ቢጫ ልጅ፤ ጁስ ቤቱ ላይ እዚህ አገር የሌለ ፍሬ። ልጅ ፊደል ሳይቆጥር በዓይኑ ይማራል አባባ። ምን እያስተማርነው ነው? የእናንተ ነገር አያምርም፣ ደብቁት እያልነው እኮ ነው። ይኼን ነው እንቢ ያልኩት። ነገም እንቢ እላለሁ።»

ኡበይደላ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ግን እጅ አልሰጠም።

«ይሁን፣ ፖሙ ይውጣ። ሸራው ግን ይሙላ። ባዶ ቦታ የድሃ ነው። እኛ ወሎዬዎች እንግዳ ሲመጣ ሞልተን ነው የምናቀርብ።»

«እማማ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «ነጠላዎን ያውሱኝ።» ወስዳ ዘረጋችው። «ጥለቱ የት ነው ያለው?»

«ጫፉ ላይ ነዋ።»

«ነጠላው ሁሉ ጥለት ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜማ መጋረጃ ነው!» አልኳት። ካልኩት በኋላ ነው የተናገርኩት የገባኝ። ስንት ዓመት ጥጥ ስፈትል፣ ሸማ ሳሠራ፣ ጥለቱን የሚያደምቀው ነጩ መሆኑን በዓይኔ አውቀው ነበር፤ በቃል ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ኡበይደላ ራሱን ነቀነቀ። «ነጠላ ነጠላ ነው፤ ታፔላ ታፔላ ነው።»

«እንግዲያው ይምጡ፣ ባጃጅ እንሳፈር» አለችው። «ሲሮጥ ያዩትን ታፔላ ይነግሩኛል።»

«ልጄ፣ እኔ ቁርአን ቀራሁ እንጂ የአማርኛ ፊደል አልለይም።»

«አብሽሩ፣ ፊደል አልጠይቅዎትም። ዓይንዎ የያዘውን ብቻ።»

ሦስታችን ታጭቀን በዋናው መንገድ ወጣን፣ ዞረንም ተመለስን። ስንወርድ «ምን አዩ?» አለችው።

«አንድ ሰማያዊ በር። ትልቅ ነጭ መቀስ የተሳለበት። ልብስ ሰፊ መሆን አለበት።»

«ሌላስ?»

«ሌላውማ እንደ ፍትፍት ተደባለቀብኝ።»

«አውቶቡስ ከባጃጅ ይፈጥናል አባባ። ሾፌሩ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ሊይዝልዎ የሚችለው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ማንጎዎን ለገዢ ሲያቀርቡ እንዴት ነው የሚደረድሩት?»

«እሱንማ ለእኔ ተይው!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «መጀመሪያ አረንጓዴ ቅጠል አነጥፋለሁ። ከዚያ ያማረ ያማረውን ጥቂቱን መርጬ ፊት አስቀምጣለሁ። ሁሉን ብከምረውማ የረገፈ ያስመስለዋል፤ የትኛውንም ዓይን አያይ…»

መዳፉን ግንባሩ ላይ ጣለ። «ያ ረቢ! እኔው ራሴ አውቀው ኖሯል!»

«ያውቁታል። ማተሚያ ቤት ሲገቡ ነው ውጭ ጥለውት የሚገቡት።»

ማተሚያ ቤቱ ስንመለስ ከኪሱ ቅጠሉ ያልተለየው አንድ ማንጎ አወጣ፤ ለምሳው የያዘው ነበር። ከድጃ ሙሉውን ታፔላ ቢጫ አደረገችው፣ መሃሉ ላይ ያንኑ ማንጎ ከነአረንጓዴ ቅጠሉ አግዝፋ ሣለችው። ከሥሩ በትልልቁ «የመርሳ ማንጎ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም የለበትም።

«ማንጎው ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አጥፊያት እንጂ» አለ ኡበይደላ።

«አላጠፋም። የእርስዎ ዛፍ ማንጎ እንደዚህ ነው፤ ሰው ሲወርድ የሚያገኘው ይኼንኑ ይሁን።»

«ፎቶዬስ?»

«ከታፔላው ሥር ራስዎ ቁጭ ብለው የለ? ምን ፎቶ ያስፈልግዎታል?»

ደጀን ከኋላ ቆሞ ሲያይ ቆየ። «ገዢ ካልቆመላቸው ወንበሩን ትለቂያለሽ» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ ማተሚያውን አስነሣችው።

የቀረው ማንጎ ሲበስል ከወልድያ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ገና መርሳ ሳንገባ ረዳቱ «ቢጫዋ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ቢጫዋ ደግሞ የት ናት ብዬ በመስኮት ባይ፣ የኡበይደላ ታፔላ ነው! የፌርማታው ስም ሆኖ አረፈው። ሾፌሩ አቆመ፣ ሰው ተጋፍቶ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ዛፎቹ እንዳሉ ናቸው። የቅሬው ሽማግሌዎች ከሥራቸው ተቀምጠው የሁለት ጎረቤታሞችን የድንበር ጠብ ያስታርቃሉ። ከድጃም እዚያው ወልድያ ወንበሯ ላይ ናት፤ እንዲያውም ከግራና የሚመጡት ሽንኩርት አምራቾች «እንደ ኡበይደላ አድርጊልን» እያሉ ደጀንን መግቢያ አሳጥተውታል።

ልጆቼ፣ ሥዕልና ቀለም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚላችሁን አትስሙት። ታፔላ ከሩቅ የሚናገር አፍ ነው። እውነት ከተናገረ ያልተማረው አርሶ አደር መድኃኒቱን ከመርዙ ይለይበታል፣ መንገደኛው ሳይጠይቅ ይደርስበታል፣ የለፋ ሰው ፍሬው አይበሰብስበትም፤ ልጅም የአገሩን ነገር ግድግዳ ላይ አምሮ ሲያየው አንገቱን አይደፋም። ከዋሸ ግን ባለቤቱን በጠራራ ፀሐይ ያዋርደዋል። ስለዚህ የሰው መልክ ተውሳችሁ ደጃችሁ ላይ አትስቀሉ። ስቀሉ የሚላችሁ ቢመጣም፣ አክብራችሁ እንቢ በሉት።

የድሮውን ሸራ ኡበይደላ ለፍየሎቹ ዳስ አድርጎላቸዋል። ማንጎውን ተከልክለው ፖሙን ሽቅብ እያዩ ያመሰኳሉ። እኔ በእነሱ እየሳቅሁ ሳለ አንድ ጎረምሳ ከአውቶቡሱ ወርዶ ፍሬውን አየና «አባባ፣ ፖም የለም?» አለ።

ኡበይደላ ወገቡን ይዞ ተነሣ፤ ድምፁ እስከ አውቶቡሱ ተሰማ።

«የለም! ኖሮም አያውቅ! የመርሳ ማንጎ ነው፤ ቀና ብለህ ታፔላውን እይ!»