በበዓለ ሃምሳ የጾመች ልጅ

ብቻውን የሚመክር ሰው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። እኔም የልጅ ልጄን ባንቺዓለምን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ፣ ሞጣ ለምትኖረው ዘመዳችን ለበዛብሽ ሕፃን አዛይ ላደርጋት የቆረጥሁት ማንንም ሳላማክር ነበር። ጊዜው ግንቦት ፲፱፻፶፮ ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛው ሳምንት።

ማክሰኞ ጠዋት ከቢቸና ገበያ ዳር የሞጣን የጭነት መኪና ስንጠብቅ፣ አስተማሪዋ መምህር ደምለው ድንገት ብቅ አሉ።

«እንዴት አደሩ እማማ ይርጋነሽ? ምነው ከነጓዙ? ዛሬ እኮ ትምህርት አለ።»

«ትምህርትማ ለሚገባው ነው መምህር። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ያሉት እርስዎ አይደሉም? ለእንቅልፉ የበዛብሽ ቤትም ይበቃታል፤ እዚያስ ቢያንስ እንጀራ...» ቃሌን ዋጥሁት።

«እውነት ነው፣ ብያለሁ። ወደ ኋላ ወንበር የሰደድኋትም እኔ ነኝ። ምን ሆንሽ ስላት ‹ጾም ላይ ነኝ› አለችኝ። በዐቢይ ጾም አመንኋት። ትናንትም ይህንኑ አለችኝ።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ያውም ሰኞ ቀን! ከቤት እህል ሲጠፋ «ዛሬ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺ» እላት ነበር። ራበኝ ከምትል ጾምሁ ብትል ይሻላል ብዬ። ዳዊት የምደግም ሴት ድኽነቴን በጾም ስም ሸፈንሁት።

«ልጅ አይደለች፣ ተሳስታ ይሆናል» አልሁ።

«አንቺ እኮ ነሽ ያልሽኝ፣ እምዬ» አለች ባንቺዓለም።

መምህሩ አልሳቁም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ አኮፋዳ አንግቼ፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያልሁ በየደጁ ቁራሽ እየለመንሁ ነው የተማርሁት። ከእርስዎ ደጅም ሳልቆም አልቀረሁም። ያን ጊዜ ለማኝ አሉኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! ተማሪ ቢለምን ምን ነውር አለው?»

«ታዲያ ባንቺዓለም ተማሪ አይደለችም? አባቶቻችን ትምህርት በባዶ ሆድ እንደማይገባ አውቀው አኮፋዳ አስያዙን። እኛ የዛሬዎቹ ጠመኔውን ይዘን አኮፋዳውን ረሳነው።»

«በጓደኞቿ ፊት ትለምን ነው የሚሉኝ? የድኻ ልጅ እያሉ ሊጠቋቆሙባት! ከዚያስ ሞጣ ትሂድልኝ!»

«ማንም አይለምንም። ያለው ልጅ ከቤቱ አንድ ጭብጥ ጥሬ ያመጣል፤ ሁሉም አንድ ስልቻ ይገባል። ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? በዕረፍት ሰዓት ቆሎው ለሁሉም እኩል ይታደላል። ከባዱን ሒሳብ ከቆሎው በኋላ አስተምራለሁ። ያንቀላፋ ልጅ ሳይም ደግሞ ከመቆጣቴ በፊት ምን በላህ ብዬ እጠይቃለሁ። የቸገረን ቆሎ ቆይ ነው። አስተማሪዎቹ ሁላችንም ወንደላጤ ነን፤ ትናንት ለሙከራ የቆላነውን ሽምብራ አሳረርነው።»

«ሳትዘፈዝፉት ነዋ! ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ ይቆላል? ይህ ነው የተማረ ሰው!»

«እንግዲህ ያስተምሩና!» ብለው ሳቁ።

መኪናው አቧራውን እያስነሣ መጣ። ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ!» ይላል። ባንቺዓለም ጓዟን አነሣችና ቀስ ብላ፦

«እምዬ፣ እትዬ በዛብሽ ቤትም በሃምሳው ይጾማል?» አለችኝ።

የጓዟን ጫፍ ያዝሁ።

«አውርጂው» አልኋት። «ጓዙን አውርጂው ልጄ።»

መኪናው ያለ እኛ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ለትምህርት ቤቱ ቆሎ እቆላለሁ። ባንቺዓለም ከኋላ ወንበር ወደ ፊት መጣች፤ በሰኔ ከአርባ አንድ ልጅ ስምንተኛ ወጣች። ለከብት ጥበቃ የቀሩ ሁለት ልጆችም ቆሎውን ሰምተው ተመለሱ፤ ለቆሎ መጥተው ማባዛት ለምደዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንደ እኔ ያላችሁ አያቶች፣ የቤታችሁን ችግር ለአስተማሪው ንገሩት፤ ጾም ብላችሁ ሌላ ስም አታውጡለት። አስተማሪዎችም ያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ቁርሱን ጠይቁት።

ባንቺዓለም አሁንም አንዳንድ ቀን «እምዬ፣ ዛሬ ጾም ነው?» ትለኛለች። የምነግራት የቀን መቁጠሪያውን አይቼ ነው።