አጎበር የለበሰው ዛፍ

ልብስ ሰፊዋ የረገፈውን አበባ ጠርጋ ልትጨርስ ስትል አንድ ነገር ዐይኗን ያዘው። አበባው ሁሉ የወደቀው ከነቀጭን ዘንጉ ነው፤ አንዱም ፍሬ አልቋጠረም። ይህን ያስተዋለችው ግን አናጢው ባሏ መጋዙን ከሳለ፣ ልጆቻቸው ከሥሩ እየለቀሙ ያደጉበትን የዱር ፍሬ ዛፍ ማፍራት ስላቆመ በማግስቱ ማለዳ ሊጥለው ከወሰነ በኋላ ነበር።

በችግኝ ጣቢያ የምትሠራው የጎረቤቷ ልጅ ከሥራ ስትመለስ በአጥሩ አጠገብ አለፈችና ቆም ብላ ሳቀች።

«እትዬ፣ ዛፉን ወባ ያዘው እንዴ? አጎበር አልብሰውታል!»

«ሳቂ አንቺ! ብል ነው ያስቸገረኝ። ሲመሽ አበባው ላይ ይርመሰመሳል። ከዚያ ቤት ገብቶ የሰው ኮት ወንፊት ቢያደርግብኝ የት እገባለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሸፍኑት?»

«ባበበ ቁጥር ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመት።»

«ማፍራት ካቆመስ?»

«ሁለት…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ልጅቷ ቀረብ አለች። «እትዬ፣ እነዚህ ብል አይደሉም፤ የአበባ ወለላ የሚቀስሙ የእሳት እራቶች ናቸው። ብል ጨለማ ሣጥን ውስጥ ሱፍ ላይ ነው የሚራባው፤ አበባ ምኑም አይደለም። ይህ ዛፍ አበባውን የሚከፍተው ሲመሽ ነው። በመጀመሪያው ምሽት አበባው የወንዴ ብናኙን ይሰጣል፤ ሴቴ አካሉ የሚደርሰው ግን በማግስቱ ምሽት ነው። ስለዚህ ብናኝ ከሌላ አበባ የሚያደርስለት መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ርክበ ብናኝ የምንለው ይህንን ነው።»

«መልእክተኛውን ደግሞ እኔ…»

«በመርፌና በክር ዘግተውበታል።»

አናጢው ከሥራ ክፍሉ ብቅ አለ። «ዱር ያበቀለው ዛፍ ከመቼ ወዲህ ነው አማላጅ የሚያሻው? አርጅቷል፣ በቃ!»

«አንተስ ያለ አማላጅ አገባህ እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«አባባ፣ ያችን ቅርንጫፍ ይዩልኝ» አለች ልጅቷ። «ከአጎበሩ ያመለጠችው እሷ ብቻ ናት።»

አናጢው አንጋጦ አየ። ከአጥሩ ወዲያ በተዘረጋችው ቅርንጫፍ ላይ የዶቃ ያህል አረንጓዴ ፍሬዎች ተደርድረዋል። በጣቱ እየጠቆመ ሰባት ድረስ ቆጠረ። «መጋዙን መልሼ ልስቀለው» አለ።

ስንፈራ ብዙ ጊዜ የምንዘጋው የምንወደው ነገር የሚኖርበትን መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዋም በክፋት አላጠፋችም፤ ያላወቀችውን ፈራች እንጂ። መቀሷን አምጥታ ስፌቷን ራሷ ተረተረችው።

ሰማዩ ሲደበዝዝ ሦስቱም ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። እንቡጦቹ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሕፃን ቀስ እያሉ ተፈቱ፤ ሽታቸው ግቢውን ሞላ። የእሳት እራቶቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ከነጭ አበባ ወደ ነጭ አበባ ተንሳፈፉ።

«ያልተፈቱ እንቡጦች ስላሉ ዘንድሮም ያፈራል» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለሰው ይተርፋል፤ ወፎችም በልተው ዘሩን ወደ ጫካ ይመልሱታል።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አንዲት እራት መብራቱን ተከትላ ልብስ መስፊያው ክፍል ገባች፤ በተሰቀለው ኮት ዙሪያ ትዞር ጀመር። የልብስ ሰፊዋ እጅ ወደ ነጠላ ጫማዋ ሄደና ተመለሰ። መብራቱን አጠፋች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሌባ ይገባል፣ እባብ ይገባል፣ ብርድ ይመታኛል እያለች በጨለማው ቆመች። የክንፍ ቀጭን ነፋስ ጉንጯን ዳስሶ ወደ ዛፉ አለፈ። ያኔ በሩን ቆለፈችው።