ታችኛዋ ማጫወቻ

እሑድ ከሰዓት ነው፤ በማሌዥያዋ ኢፖ ከተማ፣ ላይ ኩን የምትባል ሴት የባሏ ታላቅ ወንድም ቤት። የቤቱ ጌታ አዲሱን የብሉሬይ ፊልም ዲስክ ማጫወቻውን፣ ዝናብ የሚዘንብበት ፊልም አስከፍቶ ለዘመድና ለጎረቤት አሰምቶ ገና መጨረሱ ነው፤ ዲስኩ አሁንም ይዞራል። የላይ ኩን ባል ቹን ዋ እንደ ልማዱ ከዕቃው አጠገብ ሪሞት ይዞ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አምፕሊፋየር የሚባለውን የድምፅ ማጉያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ይኸው ወንድሙ ግን «ጆሮው አርጅቷል» እያለ በየሻይ ቤቱ ካወራበት ወዲህ ደንበኛ ርቆት፣ ሱቁን የሚከፍተው ሲያሻው ብቻ ሆኗል። ላይ ኩን አንጀቷ አርሯል። የባልን ታላቅ ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ወደ ጎረቤቷ ወደ አንቲ ፑይ ሊንግ ዞረች፤ ድምጿን ግን ሦስት ወንበር አልፎ እንዲሰማ አድርጋ ነበር የለካችው።

«አንቲ፣ ኦቾሎኒውን ይብሉ እንጂ፣ ክፍት ሲቆይ ይለዝባል። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? የሰሞኑ ዝናብ መቼም... ዝናብ ካልኩ አይቀር፣ የፊልሙን ዝናብ ሰሙልኝ? እኔማ ያሰጣሁት ልብስ ትዝ ብሎኝ ልነሣ ነበር።

«እንዲህ ያለ ዕቃ መምረጥ ቀላል ይመስልዎታል? አንድ ሰው ነበር... ይቅር፣ አያውቁትም። የቱን ማጫወቻ ልግዛ ብሎ የኔውን ሰውዬ አማከረው። የኔው የዋህ ምን ይላል? 'ድምፁን የሚሠራው አምፕሊፋየሩ ነው። በዚህች በአንዲት ገመድ ካገናኘኸው የማጫወቻው ሥራ ከዲስኩ አንብቦ ማቀበል ብቻ ነው፤ መካከለኛው ይበቃሃል፣ የተረፈህን ስፒከር ላይ አውለው።' ይኼ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው? ትልቅ ሰው አቀባይ ይገዛል? ገዛ፣ ከባዱን፤ ፊቱ ወርቃማ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ደግ አደረገ። ዕቃ እኮ መጀመሪያ የሚሰማው በዓይን ነው...»

የቤቱ ጌታ የተመሰገነ መስሎት አንገቱን ቀና አደረገ።

«ጆሮውን ደግሞ ቢያዩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን አንሥቶ፣ 'ይህቺን ጠብታ ስሟት፤ ርካሽ ማጫወቻ ይህቺን አያወጣም' ይላል። እኛም ሰማናት። አንዳንዱማ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ፣ ሻይ እየተቀዳለት?

«ብቻ አንድ ነገር ግራ ገባኝ፣ አንቲ። ያ ከባዱ ዕቃ ከለንደን ታዝዞ የመጣ ነው አሉ። ለዚያ አገር ዲስክ የተሠራ ስለሆነ የኛን አገር ዲስክ አልነካም አለ። ዕቃም ይኮራል ለካ። የኔው ባለ አሮጌ ጆሮ፣ እንግዳ ፊት ሰው አይፈር ብሎ፣ ዲስኩን ከታች ላለችው ለአሮጌዋ ማጫወቻ አጎረሳት። ከባዱን መብራቱን አብርቶ ባዶውን አስቀመጠው። በኋላ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር፤ ግን ሰውዬው ንግግር ላይ ነበር፣ ማን ያቋርጠው? እና ያቺ ጠብታ... ከማን ወጣች ይላሉ? እኔ የማውቀው ነገር የለም። የጠጋኝ ሚስት ነኝ።»

ሳሎኑ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከላይ ያለው ወርቃማ ፊት ላይ መብራት እንጂ ቁጥር አልነበረም። ከታች፣ አቧራ የለበሰችው ትንሽዬዋ ማጫወቻ ላይ ግን ደቂቃው ይቆጥር ነበር። ቹን ዋ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የወንድሙን ወሬ ተቀብለው ሻይ ቤት ሲያሙት ከነበሩት አንዱ ወንበሩን ጎትቶ ወደ እሱ ተጠጋ።

የቤቱ ጌታ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ የፍራፍሬውን ሳህን ይዞ መጣ። ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ላይ ኩን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ታላቅ ወንድማችን፣ ለምን ደከሙ? ስለዚያ ሰውዬ ሳወራ አሰለቸሁዎት መሰለኝ። እንደ እርስዎ ያለ የቤተሰብ መከታ ከየት ይገኛል? የኔ ሰውዬ ጆሮማ ሠላሳ ዓመት ሲሰማበት ኖሮ አለቀ። የእርስዎን ግን ፈጣሪ እንደዚሁ፣ አንድም ቀን እንዳልተሠራበት፣ እንደ አዲስ ያኑርልዎ።»