ደም ቶሎ አይናገርም

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወተት ሻጯ እትዬ አሰለፈች በጤና መኮንኑ በምንተስኖት ፊት ተቀምጠዋል።

አሰለፈች፦ ጠዋት በስልክ «ደምዎ ላይ ምንም አልታየም» ብላችሁኝ የለ? በል «ጤነኛ ናት» ብለህ ማኅተም ምታልኝ።

ምንተስኖት፦ አልታየም አልን እንጂ የለብዎትም አላልንም፣ እትዬ።

አሰለፈች፦ ምን ልዩነት አለው?

ምንተስኖት፦ ምርመራው ጀርሙን አይደለም የሚፈልገው። ሰውነትዎ ጀርሙን ለመከላከል የሚያመርተውን ነው። እሱ ደም ውስጥ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ እርስዎን መዥገሩ የነከሰዎት ገና በቅርቡ ነው።

አሰለፈች፦ ቆይቼ ብመጣ ኖሮ ቁርጡን ይነግረኝ ነበር?

ምንተስኖት፦ እሱም ያጠራጥራል። ዕድሜዎን ሙሉ ከከብት ጋር ነው የኖሩት፤ ቢታይም የድሮ ንክሻ ሊሆን ይችላል።

አሰለፈች፦ ቢታይም አታምነው፣ ባይታይም አታምነው! ታዲያ ደሜን ለምን ቀዳኸው?

ምንተስኖት፦ እኔማ አንገትዎ ላይ ያለውን ጥቁር ቅርፊት እንዳየሁ የመዥገር በሽታ መሆኑ ገብቶኝ መድኃኒቱን ሰጠሁ። «ሳይመረምረኝ ክኒን አሸከመኝ» ብለው ግቢውን ያመሱት እርስዎ ነዎት።

አሰለፈች፦ ብያለሁ። ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰፈሩ ይህን ቁስል አይቶ ወተቴን ተወው። ጎረቤቴ እንኳ ጆግ ይዛ በደጄ አልፋ ሌላ ቤት ትገዛለች። ማኅተም ባሳያቸው...

ምንተስኖት፦ «ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» ብዬ ልጻፍልዎ። እሱ እውነት ነው።

አሰለፈች፦ እሱን ማን ያነበዋል? ጤነኛ ናት በል!

ምንተስኖት፦ አልችልም። በእናትዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም፤ አይጨቅጭቁኝ። ክኒኑን ብቻ ይጨርሱ። ስንት ፍሬ ቀረዎት?

አሰለፈች፦ የቱ ክኒን?

ምንተስኖት፦ እትዬ?

አሰለፈች፦ «ምንም አልታየም» ስትሉኝ፣ ከሚባክን ብዬ፣ መዥገሩም ያለው እሷ ላይ ነው ብዬ... በፉርሽካ ለውሼ ለላሚቱ ሰጠኋት።

ምንተስኖት፦ ሁሉንም?

አሰለፈች፦ አንድ አላስቀረሁም። ያቅለሸልሸኝም ነበር።

ምንተስኖት፦ ኧረ እግዜር ያሳይዎት! እንኩ፣ ይሄ ሌላ ነው። ውሃውም ይኸው። እያየሁ ይዋጡት። እህል ቀምሰው ሲወስዱት ማቅለሽለሹ ይቀንሳል።

አሰለፈች፦ ዋጥኩት። አፌን ልክፈትልህ?

ምንተስኖት፦ አምኜዎታለሁ። አሁን ደግሞ የላሚቱ ነገር። መድኃኒት የበላች ላም ወተት ለሰው አይሸጥም።

አሰለፈች፦ ለማን ልሸጠው? ዛሬ ሳላልብ ጥጃዋን ለቀቅኩባትና መጣሁ።