የተገዘተው ፎቶግራፍ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውቶቡስ ሉማሜ ላይ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። መምሬ ኪዳነ ማርያም ብቻ አላጉረመረሙም። እንዲያውም በልባቸው «ተመስገን» አሉ፤ መንገዱ ቢረዝምላቸው ይወዱ ነበርና። ደብረ ማርቆስ የሚሄዱት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን ዜማን ከትምህርት አስወጥተው ወደ ዲማ ሊመልሷት ነው። መቼም በትምህርቷ የሚኮሩባትን ልጅ ጓዟን አሸክሞ መመለስ ለአባት ቀላል አይደለም።

ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት ወጣት ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ መስቀል ተሳለመችና ዱካ ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች። የብርጓል ትባላለች፤ የአምበር ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ደብረ ማርቆስ ትሠራለች። «ወዴት ነው መምሬ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ ሲያንገበግባቸው የሰነበተ ነገር ነውና ገንፍሎ ወጣ።

«ልጄን አስጠሉብኝ!» አሉ። «ጥምቀት ላይ የተነሳችውን ፎቶ አንድ ርጉም ወስዶ በስሟ ገጽ ከፈተ። ከዚያ እሷ በታቦት ስትሳለቅ፣ በካህናት ስትዘብት አስመስሎ ጻፈበት። የቄስ ልጅ! ከሥሩ ደግሞ ‹የት ነው የምትኖረው? አሳዩንና እናሳያት› የሚለው ሰው ብዛቱ! አሁን ከቤቷ አትወጣም። ሳይገድሏት ልውሰዳት ብዬ ነው።»

የብርጓል ፊቷ ተለወጠ። «ገጹን የከፈተው ታወቀ?»

«ማን ያውቀዋል! ጥፋቱ የስልክ ነው። ስልክ ባትይዝ፣ ከተማ ባትወጣ የት ያገኟት ነበር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና መምሬ፣ እሷ የራሷ ገጽ ነበራት?»

«ኧረ የላትም! ስልኳም ለመደወል ብቻ ናት።»

«ታዲያ ስልኳ ምን አጠፋ? ደግሞስ ዲማ ያለው ሰው ይህን ነገር አላየውም?»

ዲማ ያላየ ሰው እንደሌለ ከመምሬ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እሱስ የኔ ጣጣ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ፣ ይህን ፎቶ ያየ፣ ያሳየ፣ በስልኩ የያዘ የተገዘተ ይሁን ብዬ ገዘትሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጉድ ሆነ! ነገሩን ያልሰማው ሁሉ ‹የቱ ፎቶ ነው?› ይል ጀመር። ስልክ የሌለው ስልክ ካለው ዘንድ ሄደ። አንዱ ሽማግሌማ ጭራሽ እኔኑ ‹መምሬ፣ እንድጠነቀቀው መጀመሪያ መልኩን ያሳዩኝ› አይለኝም!»

የብርጓል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። መምሬም ሳያስቡት ፈገግ አሉና ወዲያው ከፋቸው።

«ደግ ሰውም አልጠፋ» አሉ። «ጓደኞቿ ከሥሩ ‹ውሸት ነው፣ እሷ አላለችም› እያሉ ጻፉ። ታዲያ በጻፉ ቁጥር ነገሩ ባሰበት፤ ባሕር ዳር ያለው ዘመዴ ሳይቀር ደረሰው። እኔን ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፣ ልጄ። እውነት ሲነገርበት ሐሰት ይጠፋል ብዬ ነው ስሰብክ የኖርሁት። እንዴት ይሰፋል?»

ምስኪን መምሬ! ግራ የገባቸው እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ስንቱ ዲግሪ የጫነ ሰው ይህን ሳያውቅ በየቀኑ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

«ገጹን ለሰው የሚያዞረው ማሽን ስድብና ምርቃት አይለይም» አለች የብርጓል። «የሚያየው ጫጫታውን ነው። ሰው የተሰበሰበበትን ነገር አንሥቶ ለሌላው ይወስደዋል። ሰው እዚያ ብዙ በቆየ ቁጥር የማሽኑ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ብዙ ማስታወቂያ ያሳያል፤ እንጀራው ከዚያ ነው።»

«በልጄ ነውር ይነግዳል በይኛ!»

«እሷን ብሎ አይደለም፤ ስሟንም አያውቅ። ግን ማሽኑን እንዲህ አድርጎ የሠራው ራሱ ነው። ለመሆኑ ለኩባንያው አመለከታችሁ?»

«ጓደኞቿ አመለከቱ። መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ። ሲያስተረጉሙት ‹ተመልክተነዋል፤ የማኅበረሰባችንን ደንብ አይጥስም› ይላል። የማን ማኅበረሰብ ነው እሱ? የዲማ ነው? የማርቆስ ነው? ‹እናሳያት› እየተባለ ደንብ አልተጣሰም የሚለው የትኛው አገር ነው?»

«አማርኛ የሚያነብ ሰው አላየው ይሆናል።»

«አማርኛ ካላነበበ ታዲያ በአማርኛ ለምን ያጽፋል?» አሉ መምሬ ተቆጥተው። ሻይ ቤቱ ዘወር ብሎ አያቸው።

የዚህን ኩባንያ ስም እዚህ ባንጠራው ይሻላል፤ በከንቱ ማስታወቂያ እንሠራለታለን። ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ባለጠጋ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። የብርጓልና ጓደኞቿ ማኅበር አቋቁመው እንዲህ የተበደሉ ሰዎችን ቃል እየሰበሰቡ ነው፤ ለኩባንያውም ለሕግ አውጪውም ሊያቀርቡት። ይህን ብትነግራቸው መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኃጢአቱ የጻፈው ነው። ገበያ ውስጥ ሌባ ቢሰርቀኝ ገበያውን ልከሰው ነው?»

«የጻፈውማ ይጠየቃል። እስቲ መምሬ፣ ዱሮ በሬ ሲሰረቅ እናንተ ዘንድ ምን ይደረግ ነበር?»

«አውጫጭኝ ይቀመጣላ! ያገሩ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰብና ሌባው እስኪነገር ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሳይገኝ የቀረ እንደሆነ አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል።»

«ያልሰረቀው ለምን ይከፍላል?»

«በአገሩ ያለፈ ያገደመውን የሚያየው አገሬው ነዋ! ማን በሬ እየነዳ እንደወጣ እያየ ዝም ካለ እሱም...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ይሄ ኩባንያ ያያል?»

«ያያል እንጂ። ገጹ መቼ፣ በየትኛው ስልክ እንደተከፈተ እሱ ዘንድ አለ። ያላየነው እኛ ነን።»

መምሬ ገባቸው ሲባል መልሶ ፊታቸው ጠቆረ። «ቆይ፣ ቆይ። አባቴ ሲነግሩኝ፣ አውጫጭኝ ላይ በቂም የተጠቆመ ንጹሕ ሰውም ነበር። ነገ ደግሞ ሹሙ ኩባንያውን ያልወደደውን ሁሉ ‹አጥፋ› ቢለው? እውነት የተናገረውም አብሮ ይጠፋል። ኧረ እኔስ ዞረብኝ!»

«እኔንም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው» አለች የብርጓል፣ ሳታፍር። «ስለዚህ የሰው አፍ ይዘጋ አንልም። አቤት ስንል ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው ይየው ነው የምንለው። ቢያጠፋም ቢተውም ምክንያቱን በአማርኛ ይንገረን፤ አይሆንም የሚል ሰው ይግባኝ የሚልበት፣ ከሹምም ከኩባንያም ያልወገነ ዳኛ ይኑር። ኩባንያውም ዛቻውን አንሥቶ በየቤቱ ማዞሩን ይተው። ይህን ሳያደርግ ሰው ከተጎዳ ግን ይጠየቅ። ባሕር ማዶ ሕግ አውጥተው ማስገደድ የጀመሩ አገሮች አሉ፤ እኛስ ሰው አይደለንም?»

ለመምሬ ሁሉም ነገር አልጠራላቸውም፤ ልጃቸውን ሊቀጡ እየሄዱ እንደነበረ ግን ጠርቶ ታያቸው። የዛተው እንደ ልቡ ሲወጣ ሲገባ፣ የነገደው ሲነግድ፣ ከትምህርት የምትወጣው የተበደለችዋ ናት። ይህ ፍርድ ነው?

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «የኔን ቃል ጻፊው» አሉ እየተነሡ። «ግዝቱንም ጨምሪበት፤ ሌላው እንዳይሳሳት። የዜማን ግን እሷን ሳልጠይቅ አልሰጥሽም።» የብርጓልም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዛቻውን ለፖሊስ ለማስመዝገብ አብራቸው ልትሄድ ቃል ገባች።

ዜማ የተከራየችው ክፍል ሲደርሱ ልብሷን በገመድ አስራ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«አባባ፣ ያምኑኛል?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

«አምንሻለሁ» አሉ መምሬ። ጎንበስ ብለው የታሰረውን ገመድ ፈቱት። «እሑድ ግዝቱን አነሣዋለሁ። ሕዝቡንም ‹አትመልሱለት፣ አታዙሩት፣ አመልክቱበት፤ የተበደለውን ሰው ቃል ለሚሰበስበው ማኅበርም ቃላችሁን ስጡ› እለዋለሁ። ያ ባለጠጋ ኩባንያ የሚጠየቅበት ሕግ ቢወጣ የሌላው ሰው ልጅ አትደበቅም፤ አባትም አቤት የሚልበት ደጅ ያገኛል። እስከዚያ ግን ትምህርትሽን የሚያስተውሽ የለም።»

በማግስቱ ጧት ጥምጥማቸውን አሳምረው ወደ ትምህርት ቤቷ ከጎኗ ሄዱ። ገጹ አሁንም አልተዘጋም። ዘበኛው፣ ባለሱቁ፣ ተማሪው እየቆመ መስቀል ተሳለመ፤ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ዜማን ፊት ለፊት ያያታል። ከነዚህ ውስጥ ‹እናሳያት› ብሎ የጻፈው የትኛው እንደሆነ መምሬ አያውቁም። ለሁሉም «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይቺ ልጄ ዜማ ናት» አሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜማ ቆመች። «ይበቃል አባባ፣ ይመለሱ። ከዚህ ወዲያ እኔን ራሴን ይዩኝ» አለችና ብቻዋን ገባች። መምሬ ኪዳነ ማርያም ደወሉ እስኪደወል ከበሩ አልተነቃነቁም።