እሜቴን ማን ያድርስልኝ?

ሰው ጡረታ ሲወጣ ከመምከርም አብሮ ቢወጣ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በማስተማር ስለጨረስኩ ሰው ሲከራከር ካየሁ አፌን ይበላኛል፤ ተናግሬ ስጨርስ ደግሞ ይደክመኛል። የዚያን ቀን የእንስሳት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩት ማንንም ላልመክር ለራሴ ምዬ ነው። ጆሮው ያመረቀዘ ሽማግሌ ውሻዬ እግሬ ሥር ተጋድሟል። ክፍሉ መድኃኒትና እርጥብ ጸጉር ይሸታል። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ የሚያስጠግነው ያጣ ይመስላል።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ሜትር ገቡ።

ጋሽ ሜትር የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስሙን ያወጣንላቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ስለማያውቁ ነው፤ ሠርግ ቤት እንኳ ከነሜትራቸው ይመጡ ነበር። ሱቁን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸውም ካረፉ ዓመት አልፏል። አሁን አንድ የብስኩት ካርቶን አቅፈዋል። በካርቶኑ ቀዳዳ ቢጫ ዓይን ያየኛል።

«መምህር! አለህ እንዴ?»

«አለሁ ጋሽዬ፣ መኖር ከተባለ። እሜቴ ታመመች እንዴ?»

እሜቴ የባለቤታቸው ድመት ናት። ወፍራምና ኩሩ ናት፤ ሲጠሯት አትመጣም፣ ሳይጠሯት ግን ከምሳ ቀርታ አታውቅም።

«አልታመመችም» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። «የእንቅልፍ መድኃኒት ላሰጣት ነው። ባሕር ማዶ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ቤቱንም ሸጬዋለሁ። እሷም ትሄዳለች። ሚስቴ በመጨረሻ ሰዓቷ ስለ እኔ የተናገረች እንዳይመስልህ፤ ስለዚች ነው። ‹አደራህን፣ ለሰው እንዳትሰጣት› ብላኝ ነው የሄደችው። ይኸው ተሸክሜያት እዞራለሁ።»

ሐኪሟ ከውስጥ ወጣች። ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ እንደዋለች ከዓይኗ ይታወቃል። ውሻዬን ከተኛበት ላለማስነሳት እሷው ተንበርክካ ጆሮውን ታጸዳለት ጀመር። የጋሽ ሜትርን ጉዳይ የሰማችውም እንደተንበረከከች ነው።

«የእንቅልፍ መድኃኒት አልሰጥዎትም አባባ» አለች ቀና ሳትል።

«ምነው ልጄ? እንዳትጨነቅ ብዬ እኮ ነው።»

«በአውሮፕላን የሚሄድ እንስሳ ዝም ብሎ አይደነዝዝም፤ ያውም እንደሷ ያረጀ። ትንፋሿ ሊዳከም ይችላል፣ እዚያ ደግሞ አጠገቧ ሆኖ የሚያያት የለም። ማን ነው አደንዝዛት ያለዎት?»

«የሚልክልኝ ልጅ ነዋ። የልጄ ባል ወንድም። ጭነት ክፍል የሚሠራ ሰው ያውቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ያውቃል።»

«ሌላውስ ሰው ማንን ያውቃል?»

«እሱንስ እንጃ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ሜትር ግን አልሳቁም። ሐኪሟ ጥጧን ጥላ ሌላ አነሳች።

«ለመሆኑ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው? በየት በኩል ነው የሚያሳልፏት? መንገድ ላይ ውሃ ማን ይሰጣታል? በረራው ቢሰረዝ የት ታድራለች?»

«ልጄ፣ አንቺ የትምህርት ቤት ልጅ ነሽ። እኛ እንዲህ አላደግንም። አማችሽ ደግ ልሥራልሽ ሲል እንደ ፖሊስ ቃሉን አትቀበይውም። እኔ ዛሬ ‹ፈቃድህን አሳየኝ› ብለው ነገ ልጄ ቤት ኩርፊያ ይገባል። ጥርጣሬ ዘመድ ያሳጣል።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይባላል እኮ።»

«የሚመነጠር ምን አለኝ? የቀረችኝ ይቺው ናት።»

«እኔስ ስለሷ አይደል የምልዎት?»

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ይገርመኛል። ገበያ ሄደን ሽንኩርት ስንገዛ አንዱን ራስ አገላብጠን፣ ጨምቀን፣ አሽትተን ነው። ነፍስ ያለውን ነገር ስናስረክብ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ‹እግዜር ይስጥልኝ› እንላለን። መሐላዬን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው።

«ጋሽዬ» አልኳቸው፣ «ወንድምዎ ሱፍ ሊያሰፋ ሲመጣ ሳይለኩት ቆርጠው ያውቃሉ?»

«እንኳን ለወንድሜ ለራሴም አልቆረጥኩ! ሰው ሁሉ ልኬን አውቃለሁ እያለ ይመጣል። ልኩን የሚያውቅ ሰው አላየሁም።»

«ሲለኩት ተቀየመዎት ታዲያ?»

«ለምን ይቀየማል? ሥራ ነው።»

«ይሄስ ሥራ አይደለም?» አለች ሐኪሟ።

ጋሽ ሜትር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጨርቅ ሌላ፣ ዘመድ ሌላ» አሉ። አልተረቱም፤ ደክሟቸው እንጂ ብዙ በተናገሩ።

«እንግዲያው አይጠርጥሩት» አለች ሐኪሟ ለዘብ ብላ። «ይደውሉለትና እንዴት እንደምትሄድ ብቻ ያጫውትዎት። የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።»

ይህ ነውር አልመሰላቸውም፤ ደወሉ። ጋሽ ሜትር ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸው የሚያወራው ለቤቱ ሁሉ ነው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ልጄ፣ ስለ ጉዞው ልጠይቅህ ብዬ ነው። በየት በኩል ነው የምትሄደው?»

«ችግር የለም ጋሼ!»

«መንገድ ላይ ውሃ ታገኛለች?»

«ኧረ ችግር የለም!»

«ሳጥኑስ? ይበቃታል?»

«ጋሼ ደግሞ፣ ሐሳብ አይግባዎት። ባለፈው የላክነው ውሻ ከርስዎ ውሻ ይገዝፍ ነበር፤ እሱም ገብቷል።»

ጋሽ ሜትር ካርቶኑን አዩ። ቢጫዋ ዓይን መልሳ አየቻቸው።

«ያ ውሻ... ደህና ደረሰ?»

«ባለቤቱ አልደወለም። ባይደርስ ይደውል ነበር አይደል?»

«እሺ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ስልኩን ዘጉ። ካርቶኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ቤቴ መጥቷል እኮ። ሶፋው ላይ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። ውሻ ይሁን ድመት እንኳ አላየም።»

ያን ጊዜ ሳቅ አልመጣልኝም። ሰውየው አሳዘኑኝ።

ከዚያ ጋሽ ሜትር ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «በቃ አንቺ ምረጪልኝ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

«አልመርጥልዎትም።»

«እንዴት?»

«እኔ እነ እገሌ ጋ ይሂዱ ካልኩዎት ያው እኔም የሰው ሰው ሆንኩ። ስለ እኔ ብለው ዝም ይሏቸዋል። ራስዎ ሄደው ይጠይቁ። ፈቃዳቸውን ይዩ። የማኅበር አባል ነን ካሉ ማኅበሩን ራሱን ይጠይቁ። በቅርብ እንስሳ የላከ ሰው ያገናኙዎት፣ ከሰውየው ጋር ያውሩ። ውሉ ላይ የሌለውን ተስፋ እንደሌለ ይቁጠሩት። ከሁሉ በላይ ግን» አለችና ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች፣ «ማን ማንን እንደሚጠይቅ ያስተውሉ። እርስዎ ብቻ ጠያቂ ከሆኑ ጥለው ይውጡ።»

‹መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ› ልል ነበር፤ ተውኩት። ውሻዬን አስነስቼ አብሬያቸው ወጣሁ፤ በማግስቱም እንስሳ ወደሚልኩ ድርጅቶች አብሬያቸው ሄድኩ። ለምን አብሬ እንደሄድኩ ራሴም አላውቅም፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ ፀሐዩም ከባድ ነበር። ብቻቸውን ቢሄዱ እንደገና እንደሚያፍሩ ግን ገብቶኛል።

መጀመሪያ የገባንበት ቢሮ የቆዳ ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ አለው። ግድግዳው ላይ መነጽር ያደረገ ውሻ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰውየው ከረባቱን እያስተካከለ ፈገግ አለልን። ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣልን።

«ድመቷ አርጅታለች» አሉት ጋሽ ሜትር።

«አናውቅበትም ብለው ነው? በዚህ ሳምንት እንልካታለን።»

«ኩላሊቷንም ከዚህ ቀደም ትንሽ አሟት...»

«ይተዉት ለኛ።»

ጋሽ ሜትር ቆዳ ወንበሩ ላይ ደገፍ ሲሉ አየኋቸውና ደነገጥኩ። ምቾት ጠላት ነው፤ የደከመ ሰው ‹ይተዉት ለኛ› ሲባል እንደ መኝታ ይስበዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እሳቸው ግን ድንገት ቀና አሉ።

«ባለፈው የላካችሁለትን አንድ ሰው ታገናኘኛለህ?»

«ደንበኞቻችን ብዙ ናቸው ጌታዬ። የማንን ልስጥዎት?»

«የአንዱን።»

ሰውየው ፈገግታውን ሳይለውጥ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ጋበዘን። ተነስተን ወጣን።

ሁለተኛው ከጎማ ጠጋኝ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስልክ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ‹ሙቀት ነው፣ ቀትር ላይ አላሳፍረውም ብያለሁ› ትላለች። ስትጨርስ ተቀመጡ እንኳ ሳትል ጥያቄ ጀመረች። ዕድሜዋ? ምን አሟት ያውቃል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ ወሰደች? ከቆዳዋ ሥር መለያ ቁጥር ተቀብሮላታል? ሳጥን ውስጥ ተኝታ ታውቃለች? ስትፈራ ትደበቃለች ወይስ ትቧጭራለች?

ጋሽ ሜትር የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። «ትደበቃለች። የሚስቴ ቀሚስ ሥር።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «አንድ የባለቤትዎ ልብስ ካለ ሳጥኑ ውስጥ እናነጥፍላታለን» አለችና ቀጠለች። «አሁን ግን አትሄድም። ልጅዎ ያሉበት አገር የደም ምርመራ ውጤት ይፈልጋል፣ ከዚያም መጠበቅ አለ። ኩላሊቷንም ሐኪም መርምሮ መጓዝ ትችላለች ካላለ አልወስዳትም።»

«ቤቴን ሸጬ ልወጣ ነው እኮ!» አሉ ጋሽ ሜትር ተቆጥተው። «እዚያ ማዶ በዚህ ሳምንት እንልካለን ተብያለሁ!»

«እንግዲያው እዚያ ይሂዱ። እኔ ሕያው ይዤ ሕያው ነው የማስረክበው፤ የማልችለውን አልቀበልም።»

ተነስተው ሊወጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ሜትር ግን ከኪሳቸው ብጣሽ ካርቶን አወጡ። «ልኳን ይዤ መጥቻለሁ» አሉ በኩርፊያ። «ቁመቷ፣ ርዝመቷ። ቆማ መዞር አለባት ብላኛለች ሐኪሟ።»

ሴትዮዋ አየችውና መለሰችላቸው። «ጥሩ ነው። ድመቷን ያምጧትና እለካታለሁ።»

«እኔ ለካሁ እኮ! ዕድሜዬን ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«አምንዎታለሁ። ቢሆንም ራሴ ሳልለካ ሳጥን አላዝም።»

ጋሽ ሜትር ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። «መምህር፣ ሰማሃት?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይቺ ሰፊ ናት!» ቢሆንም እንዲሁ አልተቀበሏትም። ፈቃዷን አዩ፤ የሰጠቻቸውን የደንበኛ ስልክ ደወሉ፤ ውሉን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሴትዮዋም አልተቀየመችም።

ቤቱ ለገዢው ተለቀቀ፣ ጉዟቸውም ተራዘመ። ታዲያ የት ይግቡ? እኔ ጓሮ ገቡ። ጋሽ ሜትር ያንኮራፋሉ፣ እሜቴ የውሻዬን ምንጣፍ ወረሰች፤ ውሻዬም ታዛ ሥር ተሰደደ። የጉዞ ሳጥኑ በሩ ተከፍቶ ክፍሉ መሐል ተቀመጠ፣ እንድትለምደው። መጀመሪያ ዞር ብላም አላየችው። በኋላ ምግቧን ውስጡ አደረጉላት። አንድ ጠዋት የሟች ሚስታቸው ቀሚስ ላይ ተጠቅልላ ውስጡ ተኝታ አገኘናት። ጋሽ ሜትር ደጃፉ ላይ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩዋት።

አማቻቸው፣ ያ የልጃቸው ባል ወንድም፣ በእርግጥ አኩርፎ ነበር፤ ሰላምታም ለአንድ ሰሞን አቋረጠ። ልጃቸው ግን ‹አባዬ፣ እሱ አገር ቤት ሳለሁ ለኔም መኪና ሊያስመጣልኝ ነበር› ብላ አጽናናቻቸው። መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም።

እሜቴ የሄደችበት ቀን ሴትዮዋ በየማረፊያው እየደወለች አሳወቀቻቸው፤ ስትሳፈር፣ ስትወርድ፣ ውሃ ስትጠጣ። በመጨረሻ ልጃቸው ደወለች። እሜቴ ከሳጥኑ ወጥታ ቤቱን አሽትታ፣ ማንንም ሳታይ አልጋ ሥር ገብታለች።

«ተቆጥታለች?» አሉ ጋሽ ሜትር።

«በጣም!»

«እንግዲያው ራሷ ናት» አሉና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አለቀሱ።

ሲረጋጉ እንዲህ አሉኝ። «መምህር፣ ስጠይቅ ሰው የምጎዳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደህና ሠራተኛ ሲጠየቅ ይኮራል፤ የሚቀየመው የሚደብቀው ነገር ያለው ነው። ብቸኩል ኖሮ ጉዞዬ ይፈጥን ነበር፣ እሷን ግን እቀብር ነበር። ጠይቄ ዘገየሁ፤ ይኸው ሚስቴን ብገናኛት የማላፍርበት ፊት አለኝ። አደራ ለመብላት ክፉ መሆን አያስፈልግም ልጄ፤ ይሉኝታ ብቻ ይበቃል።»

እኔም የምጨምረው አልነበረኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሩን ሌላ ሰው ጨርሶልኝ ዐረፍኩ።

ጋሽ ሜትር ሻንጣቸውን ሲያስሩ ስልካቸው ጮኸ። አማቻቸው ነው። እንደ ልማዱ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ጋሼ፣ ያቺን የላከችልዎትን ሴትዮ ስልክ ይስጡኝ።»

«እሰጥሃለሁ። ምነው፣ የውሻው ባለቤት ደወለ እንዴ?»

«ደወለ።»

«እና?»

«ስልኩን ብቻ ይስጡኝ ጋሼ» አለ። ችግር የለም አላለም።