የአርባ ሦስት ቀን ቀሪ

ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሰዓዳ ልብስ ስፌት ቤት፤ ርዕሰ መምህር ይርጋ ሱሪ ላሳጥር ብለው ገብተዋል፣ የሰዓዳ ልጅ የሰባት ዓመቷ ኢክራም ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች።

ይርጋ፦ ለነገ ብቻ ነው እኮ ያልኩሽ! ጠዋት ገብታ ለምሳ ትወጣለች። ምን ይጎድልብሻል?

ሰዓዳ፦ ቆይ፣ የምናወራው ስለ ሱሪው ነው ስለ ልጅቷ?

ይርጋ፦ ስለ ልጅቷ ነዋ!

ሰዓዳ፦ እኔማ ሜትር ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሼ ይርጋ፣ ይሄ ሱሪ እኮ ድሮም አጭር ነው። ከዚህ ካጠረ ቁምጣ ነው የሚሆነው።

ይርጋ፦ በቃ፣ ሰበብ ነው፤ ይኸው አመንኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ሰዓዳ፦ ከወር በፊት ያባረሯትን ልጅ ዛሬ አምጪ የሚያሰኝ ምን ተገኘ?

ይርጋ፦ አላባረርኳትም። «ለጊዜው ቤት ትቆይ» ነው ያልኩት።

ሰዓዳ፦ በማኅተም?

ይርጋ፦ ሰዓዳ፣ ስሚኝማ እህቴ። ነገ ከዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የአካቶ ትምህርታችንን ሊያዩ ነው።

ሰዓዳ፦ የምን አካቶ?

ይርጋ፦ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር ተካተው የሚማሩበት ነዋ። በዞኑ አንደኛ ነን።

ሰዓዳ፦ ወላሂ ጥሩ ነገር ነው። ማን ተካቶ ነው አንደኛ የወጣችሁት?

ይርጋ፦ ሪፖርቱ ላይ ያለው... አንድ ልጅ ነው።

ሰዓዳ፦ የማን ልጅ?

ይርጋ፦ አታድክሚኝ እንጂ!

ሰዓዳ፦ ሪፖርቱ ላይ ተካታ፣ ከክፍሉ ተባራ! ሌላ ልጅ ፈልገው አጡ እንዴ?

ይርጋ፦ አልዋሽሽም፣ ሞክረናል። የጥበቃውን ልጅ «ነገ እንዳትናገሪ» ብለን ብናለማምዳት ሰባት ደቂቃ አልቆየችም። ያንቺዋ ግን ዝም ብላ ብትቀመጥልን በቂ ነው። ዝም አይነቅዝም።

ሰዓዳ፦ ኧረ በአላህ! ኦቲዝም ማለት ዝም ማለት መሰላችሁ?

ይርጋ፦ ስም ወጣለት ማለት ነው?

ሰዓዳ፦ ወጣለት። እርስዎ «ጆሮዋ አይሰማም» አሉ። ጎረቤቱ «የሰው ዓይን ነው» አለ። አማቴ «አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» አሉ። ሁላችሁንም ትቼ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳት። መጀመሪያ ጆሮዋን አስመረመሩ፤ ደህና ነው። ጎረቤት ከረሜላ ሲላጥ እዚህ ሆና የምትሰማ ልጅ እኮ ናት! ከዚያ ባለሙያዋ መሬት ቁጭ ብላ አጨዋወቷን ስታይ ዋለች፣ እኔንም ከእርግዝናዬ ጀምራ ጠየቀችኝ። ሦስት ቀን አመላለሰችኝና ኦቲዝም ነው አለችኝ።

ይርጋ፦ እና መድኃኒት ሰጠቻት?

ሰዓዳ፦ አፈጣጠሯ ነው፣ መድኃኒት አይደለም የሚያስፈልጋት። «ከልጆች ጋር ትዋል፣ የሚገባት መምህር ታግኝ፣ ትምህርት ቤት አስገቢያት» አለችኝ። «የመጣሁት ከዚያ ተባራ ነው» አልኳት። ደብዳቤዎንም አሳየኋት። ሁለቴ አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ይርጋ፦ የኔ ደብዳቤ ምኑ ያስቃል?

ሰዓዳ፦ ይኸው፣ ያንብቡት።

ይርጋ፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

ሰዓዳ፦ እኔ ላንብብልዎት። «ተማሪ ኢክራም ሰኢድ፣ አንደኛ፣ አርባ ሦስት ቀን ከትምህርት ገበታ በመቅረቷ፤ ሁለተኛ፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር ዴስክ እየደበደበች ክፍል በመረበሿ...» ጋሼ፣ የቀረች ልጅ በየት ገብታ ረበሸች?

ይርጋ፦ እሱን... መምህሯ ናት የጻፈችው። እኔ ፈረምኩ እንጂ።

ሰዓዳ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ይርጋ፦ ደንቡ ነው! ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ ቀሪ ነው። ክፍሉ ስልሳ አንድ ልጅ ነው። መምህሯ የእያንዳንዱን ፊት ስታይ ትዋል?

ሰዓዳ፦ የፊት ዴስክ ላይ እኮ ነው የምትቀመጠው! እኔ በእጄ አስቀምጫት እወጣለሁ፣ እነሱ ቀሪ ይሏታል። ቤት ስትመለስ ምን እንደምታደርግ ልንገርዎት? ስልሳ አንዱንም ስም በመምህሯ ድምፅ በተራ ትጠራልኛለች። አንድ አትስትም።

ይርጋ፦ ትናገራለች እንዴ?

ሰዓዳ፦ የሰማችውን ትደግማለች፤ ሲጠይቋት ነው ቃሉ የሚጠፋባት። እና የራሷ ስም ላይ ስትደርስ፣ ጋሼ፣ «ኢክራም ሰኢድ» ትልና፣ ትንሽ ዝም ትልና፣ «ቀሪ» ትላለች።

ይርጋ፦ ...አፈር በበላሁ።

ሰዓዳ፦ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ስሟ ሲጠራ ቀሪ መሆኗን ነው ያስተማራችኋት።

ይርጋ፦ እሺ በይ፣ ምን ላድርግልሽ? ነገ ብቻ ትምጣ እንጂ...

ሰዓዳ፦ አሁንም ነገ ብቻ! ልጄ የሰርግ ወንበር ናት እንዴ፣ ተከራይተው የሚመልሷት? ከመጣች ለዘወትር ነው። ይኸው ዩኒፎርሟ ተዘጋጅቷል።

ይርጋ፦ ይሄ ሁለት ኪስ አለው። ደንቡ አንድ ኪስ ነው የሚለው።

ሰዓዳ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ የናንተን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ደንቡን ለኔ ይነግሩኛል? ይልቅ እጅዎን ይክተቱበት።

ይርጋ፦ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ሥዕል ተሰፍቶበታል። ይሄ ጆግ ነው?

ሰዓዳ፦ ውሃ ጠማኝ ማለት ነው። በሩ፣ ሽንት ቤት። ጆሮዋን የያዘችው ልጅ ደግሞ ጫጫታው በዛብኝ። ቃል ሲጠፋባት አውጥታ ታሳያለች፣ መምህሯ እሺ ትላታለች፣ አለቀ። ከሒሳብ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም በሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጠፍላት፤ ድንገተኛ ነገር ነው የሚያስጨንቃት። ያ መስኮቱ ሥር የምትደበድቡት ቸርኬ ደግሞ...

ይርጋ፦ ደወሉን? ደወሉን አልነካም! እኔ ሳልቀጠር የነበረ ነው።

ሰዓዳ፦ ይሰበር አላልኩም፣ ወደ አጥሩ ይራቅ ነው ያልኩት። ወላሂ ገበያ ድረስ ይሰማል፣ እሷ ጆሮ ሥር ምን ያደርጋል?

ይርጋ፦ ይሄን ሁሉ እስከ ነገ?

ሰዓዳ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ይርጋ፦ እሺ፣ ኪሱም ይሁን። ሥዕሉም ይለጠፍ። ቸርኬውንም ለጥበቃው እነግረዋለሁ። አርባ ሦስቱ ቀን ግን አይነካም። መዝገብ የመንግሥት ሰነድ ነው። ስሟ ተሰርዟል፤ ዘንድሮ እንግዳ ሆና ትቀመጥ፣ ለከርሞ ከአንደኛ ክፍል ትጀምራለች።

ሰዓዳ፦ እንግዳ? ጋሼ፣ ልጄ አንድም ቀን አልቀረችም። ስሟ ሲጠራም መልሳለች።

ይርጋ፦ በየትኛው አፏ?

ሰዓዳ፦ እስቲ ይጥሯት። እንደ ስም ጥሪው፣ ሳይጮኹ። ከዚያ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ።

ይርጋ፦ ሰዓዳ፣ ጊዜ የለኝም...

ሰዓዳ፦ ዞን ሊመጣብዎት አምስት መቁጠሪያ አጡ?

ይርጋ፦ እሺ። ኢክራም ሰኢድ! ...አየሽ? ዝም።

ሰዓዳ፦ አልቆጠሩም።

ይርጋ፦ ኢክራም ሰኢድ። ...ሦስት... አራት... የምን ኳኳታ ነው?

ሰዓዳ፦ ከጠረጴዛው ሥር ነው።

ይርጋ፦ ሁለቴ መታች። ይሄ እንግዲህ ደብዳቤው ላይ ያለው ረብሻ ነው።

ሰዓዳ፦ አሁን የሌላ ልጅ ስም ይጥሩ።

ይርጋ፦ ነስረዲን ይመር። ...አምስት። ዝም ብላለች።

ሰዓዳ፦ የኔን ስም።

ይርጋ፦ ሰዓዳ ሁሴን። ...ዝም።

ሰዓዳ፦ እንግዲህ የሷን።

ይርጋ፦ ኢክራም ሰኢድ። ...ሁለት... ሦስት... መታች! ሁለቴ! በስሟ ብቻ ነው የምትመታው!

ሰዓዳ፦ ባለሙያዋን ያሳቃት እሱ ነው። «ልጅሽ ስትመልስ አይተዋታል፤ መልሷንም በደብዳቤ ጽፈው ፈርመውበታል» አለችኝ።

ይርጋ፦ አርባ ሦስት ቀን... ሰዓዳ፣ አርባ ሦስት ቀን ሙሉ አቤት እያለችን ነበር?

ሰዓዳ፦ እናንተም ቅጣት ጨመራችሁባት።

ይርጋ፦ እኔ ነኝ የፈረምኩት። በዚህ እጄ። ...ሱሪውን ተይው። መዝገቡን ይዤ ልምጣ፤ አንድ በአንድ እዚሁ ፊትሽ አርሜ እፈርምበታለሁ። ዞን ከጠየቀኝም ተሳሳትኩ እላለሁ።

ሰዓዳ፦ የመንግሥት ሰነድ አይነካም ብለው አልነበር?

ይርጋ፦ እንግዲህ አትግደይኝ! መጣሁ።

ሰዓዳ፦ ይምጡ። ሲመለሱ ግን እንዲህ ዘው ብለው አይግቡባት፣ ትደነግጣለች። በሩን ሁለቴ ያንኳኩ፤ እኛ ቤት «እዚህ ነኝ» ማለት ነው።